ቻናሉ ላይ ሰው አለ፣ ትእዛዝ የለም፤ የሱፐርማርኬቱ ቀጠሮም ደርሷል

ጥያቄው፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ምጥን ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ በቴሌግራም ቻናል እሸጣለሁ። ቻናሉ 1,800 አባላት አሉት፤ አንድ ፖስት 300 ያህል ሰው ያየዋል፤ በሳምንት ግን ከ5 ትእዛዝ አይበልጥም። ከፍዬ ማስታወቂያ ላሠራ? በዚያ ላይ አንድ ሱፐርማርኬት ከሦስት ሳምንት በኋላ ለግዢ ክፍሉ በ10 ደቂቃ እንዳስረዳ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ስላይድ ሠርቼ አላውቅም፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ከየት ልጀምር? የምለጥፈው እንዲህ ዓይነት ነው፦ የእናት ቤት ጣዕም! በባለሙያ የተዘጋጀ ምርጥ ምጥን ሽሮ አለን። ለዋጋ ኢንቦክስ።»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። የማስታወቂያውን ነገር ላስቀድም፤ አሁን አይክፈሉ። የሚያይ ሰው አላጡም። ያዩት 300 ሰዎች ለምን እንደማያዝዙ ሳይታወቅ ሌላ 3,000 ቢመጣ የሚበዛው አይቶ የሚያልፈው ነው።

ቻናሉና ሱፐርማርኬቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይምሰሉ እንጂ የሚፈቱት በአንድ መንገድ ነው። ሽሮዎን በስልክ የሚያይ ሰው ሊያሸተው፣ በጣቱ ሊነካው አይችልም። የግዢ ኃላፊውም ሽሮው መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ይሸጥ አይሸጥ አያውቅም። ሁለቱም ጥርጣሬ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ጥርጣሬውን አውጥተው አይናገሩትም፣ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ሥራዎ ያንን ጥርጣሬ ሳይጠየቁ መመለስ ነው። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳው የት እንደሆነ ይለዩ። ለአንድ ሳምንት ደብተር ይያዙና በየቀኑ ሦስት ነገር ይቁጠሩ፦ ስንት ሰው ጽፎ ጠየቀ፣ ስንቱ አዘዘ፣ ካዘዘው ስንቱ ከዚህ በፊት ገዝቶ የሚያውቅ ነው። 25 ሰው ጠይቆ 5 ብቻ ካዘዘ ችግሩ መልስ አሰጣጥዎ ላይ ነው፤ ፖስቱ ሥራውን ሠርቷል። 6 ጠይቆ 5 ካዘዘ መልስዎ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ፖስቱ ነው። 5ቱም አዲስ ከሆኑና አንድም የተመለሰ ከሌለ ደግሞ ሽሮውን ራሱን ወይም ማሸጊያውን መመርመር አለብዎ። ይህን ቁጥር ሱፐርማርኬቱም ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ደብተሩን ዛሬ ይጀምሩት። ያለፉትን ሦስት ወራት ትእዛዞች ደግሞ ከቴሌግራም መልእክቶችዎ ወደኋላ እየሄዱ ይልቀሟቸው።

የላኩትን ፖስት ስመለከት ችግሩ ከፖስቱ ይመስለኛል። «የእናት ቤት ጣዕም»፣ «በባለሙያ የተዘጋጀ»፣ «ምርጥ» የሚሉትን ቃላት ሽሮ የሚሸጥ ሁሉ ይጽፋቸዋል፤ ስለዚህ ለገዢው ምንም አይነግሩትም። ከሁሉ የሚጎዳው «ለዋጋ ኢንቦክስ» ነው። ብዙ ነጋዴ እንዲህ የሚያደርገው ተፎካካሪ ዋጋ እንዳያይበት ነው፤ ተፎካካሪ ግን እንደ ደንበኛ ጽፎ በአንድ ደቂቃ ያውቀዋል። የሚጎዳው እውነተኛው ገዢ ነው። ዋጋ ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ «ተወደደብኝ» ብሎ ዝም ማለት ይሉኝታ ያስይዛል። ይህን የሚፈራ ሰው ከመጀመሪያውም አይጠይቅም። ዋጋዎ ከሰፈሩ ሱቅ ከፍ ያለ ቢሆንም ይጻፉት፤ የሚያባርሩት መግዛት የማይችለውን ብቻ ነው።

እንዲህ አድርገው ቢጽፉት (ዋጋውንና ቀኑን በራስዎ ይተኩ)፦

ምጥን ሽሮ፣ 1 ኪሎ፣ 400 ብር
ከሽምብራና ከአተር፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላና በጥቁር አዝሙድ የተመጠነ። በርበሬው ለዘብ ያለ ነው፤ ልጆች ይበሉታል።
የተፈጨው ጥቅምት 12።
ማክሰኞ፦ መገናኛ፣ ሲኤምሲ፣ አያት። ቅዳሜ፦ ሳሪስ፣ ለቡ፣ ጀሞ።
ክፍያ ዕቃው እጅዎ ሲገባ፤ በቴሌብር ወይም በጥሬ ገንዘብ።
ለማዘዝ «ሽሮ 1፣ አያት» ብለው ይጻፉልን።

የመጀመሪያው መስመር የዕቃውን ስም፣ ክብደቱንና ዋጋውን የያዘው በምክንያት ነው። የስልክ ማሳወቂያ ላይ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው፤ «ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ሰነበታችሁ» ብለው ከጀመሩ ሰው የሚያየው ሰላምታውን ነው። ሁለተኛው መስመር ትልቁን ፍርሃት ይመልሳል። በርበሬና ሽሮ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተገኘ የሚል ወሬ በየጊዜው ስለሚሰማ ገዢ «ምን ገብቶበት ይሆን?» ሳይል አያልፍም። «ንጹሕ ነው» ማለት አያሳምነውም፤ የገባውን በስም መቁጠር ግን ያሳምነዋል። የሰፈሮቹ ስም የተጻፈው አያት የሚኖር ሰው የራሱን ሰፈር ሲያይ ለእሱ እንደተጻፈ ስለሚሰማው ነው። ለእርስዎም ይጠቅማል፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአንድ አቅጣጫ ከተጓዘ ሞተረኛው በአንድ ዙር ብዙ ቤት ያዳርሳል፤ በየቀኑ አንድ አንድ ኪሎ ሲላክ ግን የማድረሻው ሂሳብ ትርፉን ይበላዋል። የመጨረሻው መስመር ደንበኛውን ምን ብሎ እንደሚጽፍ ከማሰብ ያሳርፈዋል። ከፎቶ ሥር የሚጻፍ ጽሑፍ በቴሌግራም ያለ ፕሪሚየም (የሚከፈልበት አገልግሎት) እስከ 1,024 ሆሄ ነው የሚፈቀደው፤ ይህ ከሲሶውም አይደርስም፤ ማስረዘም አያስፈልግም።

ፎቶውን በመስኮት አጠገብ ያንሱት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ፀሐዩ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የሽሮው ቅንጣት ይታያል። ማታ በአምፖል የተነሣ ሽሮ ወይ አመድማ ወይ አረንጓዴ ቢጤ ይመስላል። በርበሬ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ሌላ ነው፦ ስልኩ ራሱ ቀለም ያደምቃል፣ ባለቤቱ ደግሞ ፊልተር ይጨምርበታል፤ ደንበኛው ዕቃው ሲደርሰው «በፎቶ ያየሁት ቀይ ነበር» ይላል፤ ልክም ነው። ፊልተር አይንኩ። ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ፓኬቱ ከነመለያው፤ ሽሮው በማንኪያ ተዝቆ በቅርብ፤ ፓኬቱ ሚዛን ላይ። ሚዛኑን አይናቁት። «1 ኪሎ» ማለት የሽሮው ክብደት ነው፤ ባዶው ፓኬት 15 ግራም ከሆነ ሚዛኑ 1,015 ማሳየት አለበት። ይህንን በፎቶው ሥር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት። በሚዛን የተታለለ ሰው ብዙ ነው፤ ያቺን 15 ግራም ያሰበች ሴት ሌላውንም እንደምታስብ ይገባዋል።

ቪዲዮ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሁን፤ ለቲክቶክም ለቴሌግራምም አንዱ ይሆናል፣ ስልኩን አቁመው ይቅረጹት። ከድስቱ ይጀምሩ። ሽሮው በሸክላ ድስት ሲንተከተክ፣ ድምፁ ሲሰማ፣ ሙዚቃ ሳይደረብበት፣ ለሁለት ሰከንድ። ከዚያ ወደኋላ ይመለሱ፦ እህሉ ሲለቀም፣ ሲታመስ፣ ቅመሙ ሲመጠን፣ ሲታሸግ። ብዙዎች በአርማቸውና በስልክ ቁጥራቸው ይጀምራሉ፤ ተመልካቹ ድስቱ ጋ ሳይደርስ ጣቱን አንሸራትቶ ይሄዳል። ጽሑፍ ከጻፉበት ወደ መሐል ያድርጉት፤ በቲክቶክ የታችኛውና የቀኙ ጠርዝ በአዝራሮች ይሸፈናል። እህሉ ሲለቀም የሚታየው ጠጠርና ገለባ እንዳያሳፍርዎ፤ መለቀሙን የሚያሳየው እሱ ነው።

ከቻናሉ አናት ላይ አንድ መልእክት ፒን ያድርጉ፦ የሁሉም ዕቃ ዋጋ፣ የማድረሻ ቀንና ሰፈር፣ የማድረሻ ሂሳብ፣ የአከፋፈል መንገድ፣ የማዘዣው ስልክ። ዋጋ ሲቀየር አዲስ ከመለጠፍ እሱኑ ያርሙት፤ ሁለት ዋጋ ቻናሉ ላይ ካለ ደንበኛ ትንሹን ይዞ ይከራከራል፤ ሐቅም አለው። የጎግል ካርታ መዝገብም በነፃ ይክፈቱ። ከቤት የሚሠሩ ከሆነ አድራሻዎን ደብቀው የሚያደርሱባቸውን ሰፈሮች ብቻ ማስመዝገብ ይቻላል።

አሁን መልስ አሰጣጥ። «ሽሮ አለ?» ላለ ሰው «አዎ አለ» ብሎ መመለስ ወሬውን ይዘጋዋል። «አለ፤ ኪሎው 400 ነው። ሰፈርዎ የት ነው? ማክሰኞ ወይስ ቅዳሜ ይድረስልዎ?» ብለው ሲመልሱ ግን ቀጣዩ እርምጃ በእጁ ይሆናል። እያንዳንዱ መልስዎ ደንበኛው በአንድ ቃል ሊመልሰው በሚችል ጥያቄ ይጨረስ። አምስት ወይም ስድስት ተደጋጋሚ መልሶችን ጽፈው በሴቭድ ሜሴጅስ (ቴሌግራም ላይ ለራስ መልእክት የሚቀመጥበት ቦታ) ያስቀምጡ፤ ገልብጠው ይልካሉ፣ ስምና ሰፈር ብቻ ይለውጣሉ። ፍጥነት ትልቅ ነገር ነው፦ ሽሮ ያለቀበት ሰው ለሦስት ሻጭ በአንድ ጊዜ ይጽፋል፤ ቀድሞ የመለሰው ይሸጣል።

ስለ ክፍያ አንድ ጥንቃቄ አለ። የተላከልዎ ስክሪንሾት የክፍያ ማረጋገጫ አይደለም፤ በቀላሉ ይቀነባበራል። ዕቃው ለደንበኛው የሚሰጠው ገንዘቡ በራስዎ ቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ላይ መግባቱን ራስዎ ካዩ በኋላ ነው። ሞተረኛው ደጃፍ ቆሞ ሳለ የሚላክ ስክሪንሾት ላይ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ጥድፊያው ሆን ተብሎ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ትርፉ ግን ያለበት፣ ድጋሚ የሚያዝዘው ደንበኛ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት በአንድ ጊዜ 100 ግራም ሽሮ ቢጠቀም አንድ ኪሎ 10 ጊዜ ይሠራል፤ በሳምንት ሦስቴ ቢሠሩ ከሦስት ሳምንት ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ደብተርዎ ላይ የገዙበትን ቀን ይጻፉና በ18ኛው ቀን «ወይዘሮ እንትና፣ የቅዳሜው ዙር ወደ እናንተ ሰፈር ነው፤ አንድ ኪሎ ላስቀምጥልዎ?» ብለው ይላኩ። ፈቃድ ሳይጠይቁ ሰውን ግሩፕ ውስጥ መጨመር ግን ነውር ነው፤ ያስጠላል፣ ያስወጣል።

የሽያጭዎ ቀን መቁጠሪያ ጾሙና በዓሉ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሽሮ መለጠፍ የሚገባው ጾሙ ከመግባቱ ከ10 ቀን በፊት ነው፤ ጾሙ ሲገባማ ሰው ሸምቷል። በርበሬ በተቃራኒው ነው፤ ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይነሣል። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የሚገዛበት ጊዜም አለ፤ ለእነሱ በድርብ ፕላስቲክ የታሸገና ይዘቱ በላቲን ፊደልም የተጻፈበት ፓኬት ያዘጋጁ። አሜሪካ ሲገቡ ማንኛውም ምግብ ለጉምሩክ መነገር ስላለበት፣ ያልታወቀ ቡናማ ዱቄት ሻንጣ ውስጥ ሲገኝ ከሚያስከትለው ጣጣ ጽሑፉ ያድናቸዋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አራት ሳምንት ከሠራ በኋላ በሌላ ትልቅ ቻናል ላይ ከፍለው ማስነገር ከፈለጉ፣ የአባላቱን ብዛት ትተው በእያንዳንዱ ፖስት ሥር ያለውን የዕይታ ቁጥር ይመልከቱ፤ 80,000 አባላት ኖረውት 1,500 የሚታይ ቻናል አለ። ከዚያ የሚመጡት የሚናገሩት የይለፍ ቃል ይስጡና ይቁጠሩ። 2,000 ብር ከፍለው 8 አዲስ ገዢ ካገኙ አንዱ ገዢ 250 ብር ወሰደብዎ ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ 130 ብር የሚያተርፉ ከሆነ ሁለት ኪሎ እስኪገዛ ድረስ በኪሳራ ነዎት። ተመልሶ የማይገዛ ደንበኛ ላይ እንዲህ መክፈል አያዋጣም፤ ከፍለው አያሠሩ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ወደ ሱፐርማርኬቱ እንሂድ። የግዢ ክፍሉ ሰዎች ሽሮዎ እንዲጣፍጥ ይፈልጋሉ፤ ግን የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው። ካልተሸጠ ማን ይመልሰዋል? በጾም ወቅት እጥፍ ብንጠይቅ ታቀርባለች? ነቀዝ ቢገኝበትና ደንበኛ ቢጮህብን? ከአንዱ ፓኬት ምን ያህል ይቀርልናል? ፈቃዷና ደረሰኟ የተሟላ ነው? ንግግርዎ እነዚህን አምስቱን በተራ የሚመልስ ይሁን። ስለ እናትዎ የእጅ ሙያ የሚነገረው ለቻናሉ ጥሩ ነው፤ እዚያ ግን ጊዜ ይበላብዎታል።

ከ10ሩ ደቂቃ 6ቱን ይናገሩ፣ 4ቱን ለጥያቄ ይተዉ። ፓኬቱን በእጅዎ ይዘው እንዲህ ይጀምሩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ይህ ባለ 1 ኪሎ ምጥን ሽሮ ነው። ባለፉት 3 ወራት በቴሌግራም ብቻ 62 ትእዛዝ ተቀብያለሁ፤ 23ቱ ድጋሚ የገዙ ናቸው። ዛሬ የምጠይቃችሁ በሁለት ቅርንጫፍ፣ በእያንዳንዱ 40 ፓኬት፣ ለ8 ሳምንት እንድትሞክሩት ነው። በ8 ሳምንት ያልተሸጠውን እኔ አነሣለሁ።»

ቁጥሩ የራስዎ እውነተኛ ቁጥር ይሁን፤ ትንሽ ቢሆንም አያሳፍርም። 62 ትንሽ ነው፤ ከ62ቱ 23 መመለሳቸው ግን ሰውን ያዳምጠዋል። ጥያቄዎንም መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥዎ ቀሪውን ንግግር በምን ዓይን እንደሚሰሙት ይወስነዋል። ሁሉም ቅርንጫፍ ላይ ልግባ ማለት ደግሞ ያስፈራቸዋል፤ ለእርስዎም የሚሟላ አይደለም።

በእኛ ልማድ ብዙ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ «ይቅርታ ስላስቸገርኳችሁ»፣ «ትንሽ ሥራ ናት»፣ «ገና እየሞከርኩ ነው» ብሎ ይጀምራል። ትሕትና ነው፣ ከአስተዳደግ የመጣ ነው፤ ገዢው ግን «ራሷም አላመነችበትም» ብሎ ይወስደዋል። «ሽያጭ እንዴት ነው?» ሲባልም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ብቻ ብለው አያቁሙ፤ ምስጋናው ይኑር፣ ቁጥሩ ይከተለው። አንገት ደፍቶ መናገርም እንደዚሁ ነው። ዓይን ማየት ከከበደዎ ግንባራቸውን ይመልከቱ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ለአንዱ፣ ቀጣዩን ለሌላው።

ስላይድ 6 ይበቃል፦ የፓኬቱ ፎቶና ጥያቄዎ፤ የሦስት ወር ሽያጭ በቁጥር፤ አሠራሩ ከለቀማ እስከ ማሸግ በአራት ፎቶ፤ የሚቆይበት ጊዜና የጥራት ቁጥጥሩ፤ ዋጋና የማቅረብ አቅም በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሆነ፤ ፈቃዶችና የመገናኛ ስልክ። በአንዱ ስላይድ ላይ ከ15 ቃል በላይ አይጻፉ፣ የፊደሉ መጠን ከ28 አይነስ፣ ነጭ ላይ ጥቁር። የግዕዝ ፊደል ላይ የሚደርሰውን አደጋ ይወቁ፦ በእርስዎ ኮምፒዩተር ያማረው ፊደል እዚያ ካልተጫነ ሌላ ፊደል ይተካዋል፣ መስመሩ ይዛነፋል፣ አንዳንዴም ሳጥን ሳጥን ብቻ ይታያል። ስላይዱን በፒዲኤፍ ይያዙት። በፍላሽ አንድ፣ በቴሌግራምዎ አንድ፣ በወረቀት የታተመ 5 ቅጂ። መብራት ቢጠፋ ወይም የፕሮጀክተሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ባይገጥም ወረቀቱን አድለው ይቀጥላሉ፤ ቀጠሮው አይሰናከልም።

ስለ ነቀዝና ሻጋታ የሚጠየቁት ጥያቄ ላይ ጠንካራ ሆነው ይቅረቡ፤ ብዙ አቅራቢ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሽሮ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት እርጥበት ነው። እህሉ ወይም ቅመሙ በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨ፣ ወይም ከወፍጮ እንደወጣ ገና ሞቅ እያለ ከታሸገ፣ ሙቀቱ ፓኬቱ ውስጥ ላብ ይሆናል፤ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ንጹሕ ቦታ ላይ ተሸፍኖ እስኪቀዘቅዝ አድሮ መታሸጉን ይናገሩ። ከእያንዳንዱ ፍጭት ሦስት ፓኬት ቀን ጽፈው ያስቀምጡ፤ በ1፣ በ3 እና በ6 ወሩ አንድ አንዱን ከፍተው ሽታውን፣ ቀለሙንና ጣዕሙን ይመዝግቡ። የሦስት ወሩ ፓኬት በእጅዎ ካለ ስብሰባው ላይ ይክፈቱት። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። «6 ወር ይቆያል» ብለው መለያው ላይ የሚጽፉትም ይህን አይተው ብቻ ይሁን። መለያው ላይ ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ የገባበት ነገር ሁሉ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የምርት ዙር ቁጥርና አድራሻ ይኑር። «ለስኳር ይሆናል»፣ «ደም ያጠራል» የሚል ነገር ግን አይጻፉ፤ ምግብ በሽታ ይፈውሳል ማለት በሕግ ያስጠይቃል፤ የግዢ ኃላፊም ይሸሸዋል።

ቅምሻ ይዘው ይሂዱ፤ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። ሽሮውን ሠርተው በትኩስ መያዣ ቴርሞስ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ ተቆርጦ። የሚቀርበው እርስዎ ጨርሰው ጥያቄ ሲጀመር ነው፤ ቀድሞ ከቀረበ ሰው እየበላ አያዳምጥም። ቀጠሮው ረቡዕ ወይም ዓርብ ወይም ጾም ላይ ከዋለ በዘይት ይሥሩት። ቅቤ ያለበት ይዘው ሄደው ግማሹ ሰው እጁን ከሰበሰበ ቅምሻው ቀረ።

የድምፅ መንቀጥቀጡ የሚመጣው ትንፋሽ ሲያጥርና ሲጣደፉ ነው። ከመግባትዎ በፊት አየር በአፍንጫ ስበው በዝግታ፣ ከሳቡበት እጥፍ ጊዜ ወስደው ያስወጡ፤ አምስት ጊዜ። ያን ቀን ጠዋት ቡናውን ይቀንሱ፣ ውኃ ይጠጡ። ትልቅ ወረቀት አይያዙ፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ያጎላዋል። በመዳፍ የሚያዝ ወፍራም ካርድ ላይ ስድስት ቃል ብቻ ይጻፉ፣ ለአንዱ ስላይድ አንድ ቃል። በቃል የሚያጠኑት የመጀመሪያዎቹን አራት ዐረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሁሉንም በቃል ያጠና ሰው አንድ ቃል ሲጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል። መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ደቂቃ ካለፉ ይለቃል፤ እነዚያን አራት ዐረፍተ ነገሮች በእንቅልፍዎም የሚሏቸው መሆን ያለባቸው ለዚህ ነው።

ልምምዱ ሰባት ጊዜ ይሁን። ሦስቱን ብቻዎን፣ ቆመው፣ በስልክ እየቀረጹ። ሲያዳምጡት «ማለት ነው» እና «እንትን» ስንቴ እንዳሉ ይቁጠሩ፤ በሦስተኛው ይቀንሳል። ከ6 ደቂቃ ካለፈ ዐረፍተ ነገር ይቀንሱ እንጂ ፍጥነት አይጨምሩ። ሁለቱን ጨክኖ በሚጠይቅ ሰው ፊት። አንዱን ያን ቀን በሚለብሱት ልብስና ጫማ፣ የመጨረሻውን ያለ ስላይድ። «ሌላው በ50 ብር ቀንሶ ያቀርባል» ለሚለው መልስዎ አስቀድሞ ይዘጋጅ፦ የገባበትን ዝርዝር፣ ያልተሸጠውን ማንሣትዎን፣ ድጋሚ የሚገዛውን ቁጥር ያስቀምጡና ዝም ይበሉ። እዚያው ቆመው ዋጋ አይቀንሱ፤ «አስልቼ ነገ እነግርዎታለሁ» ማለት ይቻላል፣ ያስከብራል።

ለማስላት ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። «20 በመቶ እንይዛለን» ሲሉ ከመሸጫው ላይ ነው ወይስ በመግዣው ላይ? ብለው ይጠይቁ። እርስዎ በ320 ቢያቀርቡ፣ በመግዣው ላይ 20 በመቶ ሲጨመር መደርደሪያው ላይ 384 ይሆናል፤ ከመሸጫው ላይ 20 በመቶ ሲያዝ ግን 400 ይሆናል። በኪሎ የ16 ብር ልዩነት ነው፤ በወር 200 ኪሎ ላይ 3,200 ብር። ቻናልዎ ላይ በ400 እየሸጡ ሱፐርማርኬቱ 384 ቢለጥፍ የራስዎ ደንበኞች ይጠይቁዎታል፤ በ350 መሸጥ ከጀመሩ ደግሞ ሱፐርማርኬቱ ይቆጣል። የመደርደሪያው ዋጋና የቻናሉ ዋጋ አንድ እንዲሆን ከመጀመሪያው ይስማሙ።

ክፍያው መቼ እንደሆነ ሳያውቁ አይፈርሙ። በየ15 ቀኑ 100 ኪሎ አቅርበው ገንዘቡ በ45 ቀን የሚከፈል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ሳይገባ 300 ኪሎ አስረክበዋል። ኪሎው 270 ብር የሚያስወጣዎ ከሆነ 81,000 ብር እዚያ ተቀምጧል። በዚህ መሐል ለእህሉ፣ ለወፍጮውና ለፓኬቱ የሚከፍሉት ከየት ይመጣል? የሁለት ቅርንጫፉ 80 ፓኬት ግን 21,600 ብር ነው፤ ሙከራውን ትንሽ አድርገው እንዲጠይቁ የመከርኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። «ዕቃው ሲሸጥ ይከፈላል» ከተባለም የሽያጩን ቁጥር በየስንት ቀኑ፣ በማን በኩል እንደሚያዩ በጽሑፍ ይሁን። ባርኮድ ይጠይቁ እንደሆነም ያን ዕለት ይጠይቁ፤ ፓኬት 1,000 አሳትመው ባርኮድ ከጎደለው ሁሉም ሊጣል ይችላል።

ከስብሰባው እንደወጡ በዚያው ቀን፣ ከማምሻው በፊት፣ የተነጋገሩትን በአምስት መስመር ጽፈው ይላኩላቸው፦ የቅርንጫፎቹ ስም፣ የፓኬቱ ብዛት፣ ዋጋው፣ የክፍያው ቀን፣ ያልተሸጠው የሚመለስበት መንገድ። መልስ ካልመጣ በሳምንቱ አንዴ ይደውሉ። ሲደውሉም «ምን ወሰናችሁ?» ከማለት «80ውን ፓኬት በየትኛው ቀን ላምጣ?» ቢሉ ይሻላል።